የአርባ ነጥብ ዘጠኝ ሽማግሌዎች

ደሴ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ «እንዴት አደራችሁ» መባባል ከቀረ ሰነባብቷል። አሁን የሚባለው «ዛሬ ስንት ናችሁ?» ነው። አንደኛው የቤቱን የዕለት ቁጥር ይናገራል፣ ሌላኛው የራሱን ይመልሳል፣ ከዚያ «ያሰንብትላችሁ» ተባብለው ይለያያሉ። አያሰነብትላቸውም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የቀበሌው ማሽን የከተማውን ቁጥሮች ሁሉ ሰብስቦ፣ አደባልቆ፣ እንደገና ያድላቸዋል።

ይህ የሆነው በማንም ክፋት አይደለም። ድሮ ቁጥር የሚያስፈልገው ለቤት ብቻ ነበር። ቆይቶ ማቀዝቀዣው ቁጥር ይገባኛል አለ፤ ማቀዝቀዣው ካገኘ ምድጃው ምን አጠፋ ተባለ፤ ከዚያ የውሃ ታንከሩ፣ ጃንጥላው፣ የሰኞ ገበያ በጎች ሳይቀሩ ተሰለፉ። ቁጥሩ አለቀ። ቀበሌውም ቁጥር ከእንግዲህ በውሰት እንጂ በርስት እንደማይሰጥ አወጀ። ቋሚ ቁጥር ያላቸው ሆስፒታሉ፣ ፍርድ ቤቱ፣ እሳት አደጋው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና መቃብሩ ናቸው። ተራው ሰውም ማመልከት ይችላል፤ ወረፋው የሚደርሰው ግን ለልጅ ልጁ ነው።

ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ? የመንገድ ስም የሚያውቅ ጠፋ። መንገዱን ባጃጁ ያውቀዋል፤ ባጃጁም ሾፌር ስለሌለው የሚሰማው ቁጥር ብቻ ነው። የጎረቤት ዳቦ ተሳስቶ ሲመጣ አመስግኖ መብላት ወግ ሆነ። አንድ የሆጤ ሰፈር ነዋሪ የትናንቱን ቁጥር ተናግሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ የማያውቀው ማኅበር ላይ ደረሰ፤ ይሉኝታ ይዞት ቁጭ አለ፤ ሲወጣ ሰብሳቢ ሆኖ ተመርጦ ነበር። እስካሁን ያገለግላል፤ ጎበዝ ሰብሳቢ ነው ይባላል።

ላቀች አበጋዝ ከዚህ ሁሉ ጋር ጠብ አልነበራትም። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ ጥርስ ደግሞ የትም ቤት ቢሄድ ያው ጥርስ ነው። ከቁጥሩ ጋር የተጣላችው ላግባ ብላ ስትነሳ ነው።

ልታገባው ያሰበችው ኪዳኔ የሚባል፣ ወረኢሉ ላይ የነፋስ ተርባይን የሚጠግን ሰው ነው። የፊት ጥርሱን ብሎን ሰብሮበት መጥቶ ሠራችለት። ከሳምንት በኋላ ያመኛል ብሎ ተመለሰ፤ አየችው፣ ደህና ነው። ደግሞ ተመለሰ፤ ደህና ነው። በአራተኛው «ኪዳኔ፣ ጥርሱ ምንም አልሆነም እኮ» አለችው። «አውቃለሁ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላቀች በሥራ ሰዓት ትዘፍናለች፤ የጥርስ ቅርጽ ለማስለካት አፋቸውን የከፈቱ ደንበኞች ተቃውሞ ማሰማት ስለማይችሉ ማንም አላስቆማትም።

ነገሩ ግን ያለ ሽማግሌ አይሆንም። አባቷ አቶ አበጋዝ ይመር ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከላቀች ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። በብዙ ነገር ዘመኑን ተቀብለዋል፤ በጃንጥላቸው በኩል ከጃንጥላ ጠጋኙ ጋር ይነጋገራሉ። በአንድ ነገር ግን ንቅንቅ የለም። ልጅ የሚጠይቅ ሰው በእግሩ ደጅ መጥቶ፣ ቆሞ ይጠይቃል።

በወሩ መጀመሪያ እሑድ ሊመጡ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ቅዳሜ ከወረኢሉ ተነሥተው፣ ደሴ ዘመድ ቤት አድረው፣ ማለዳ ደጃፉ ላይ ሊገኙ። በያዙት ቁጥር መሠረት ባጃጁ አደረሳቸው። ቁጥሩ ግን የቅዳሜ ነበር፤ እሑድ ጠዋት ለአንድ የዓሣ መጋዘን ተሰጥቶ አድሯል። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና በመጋዘኑ በር ፊት ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። በሩ በትሕትና «እባክዎ ይጠብቁ» አላቸው። ጠበቁ። መልሱ የአባት ወግ ስለመሰላቸው እስከ ቀትር ጠበቁና ጉንፋን ይዘው ተመለሱ።

ታዲያ ደውለው አይጠይቁም ወይ የሚል ይኖራል። ለሽምግልና የተላከ ሰው ስልክ አይዝም። ድሮ ይዝ ነበር። አንድ ጊዜ በተከበረ ሰው ደጃፍ ላይ፣ ሽማግሌው የልጅቱን ስም ገና እንደጠራ ስልኩ ከኪሱ ውስጥ «ተመሳሳይ ልጃገረዶችን ማየት ይፈልጋሉ?» ብሎ ስለጠየቀ ከዚያ ወዲህ የወሎ ሽማግሌ በሙሉ ስልኩን ቤቱ ጥሎ ነው የሚወጣው።

አቶ አበጋዝ ያን እሑድ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው፣ ዘመድ ሰብስበው ዋሉ። ማንም አልመጣም። ማታ ጋቢውን አጣጥፈው አስቀመጡና «አንድ እሑድ ይጨመርላቸዋል» አሉ። «እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ደጃፍ ካልቆሙ ግን ነገሩ ቀርቷል። ሽማግሌ የቀረበት አባት እየተባልኩ ስንት ጊዜ ልዋል?»

ላቀች አባቷን ታውቃቸዋለች። ቀርቷል ካሉ ቀርቷል።

ስለዚህ ሁለተኛው እሑድ ሊደርስ ሲል፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ከቡፌው ሥር ገባች። የቤቱን ቁጥር የሚይዘው ሰርቨር እዚያ ነው ያለው፤ እንደ ከተማው ሰርቨሮች ሁሉ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ፣ ለዓመታት ማንም ያልነካው፣ ትንሽ ስክሪን ያለው ጥቁር ሣጥን።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አሉ አባቷ ከሶፋው ላይ።

«ሰርቨሩን እያጸዳሁ ነው፣ አባዬ።»

«አቧራውን ብቻ ጥረጊ። ልቡን እንዳትነኪው።»

ልቡን ነካችው። ኪቦርድ ሰካች፣ አንድ የቆየ መመሪያ ፊቷ ዘረጋች፣ ፋይሉን ክፈት ሲላት ከፈተች። ውስጡ አጭር ነው። «ቁጥር ከቀበሌ ተቀበል፦ አዎ» ይላል። ከተማው ጠዋት ጠዋት የሚታመሰው በዚህች አንዲት «አዎ» ነው ማለት ነው። አጠፋቻትና «አይ» ብላ ጻፈች። ዕድሜዋን ሙሉ ለቀበሌ «አይ» ብላ አታውቅም።

ቀጥሎ የምትፈልገውን ቁጥር ጻፍ ይላል። የዚያን ዕለት አርባ ነጥብ ዘጠኝ ነበሩ። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ለሽማግሌ አፍም አይከብድም። ዛሬ የኛ ከሆነ ነገስ የኛ ቢሆን ምን ይጎድላል ብላ ያንኑ ጻፈች። ሣጥኑ የሚቆጣው በፊደል ሳይሆን በባዶ ቦታ ነበር፤ አንዱ መስመር ከባልንጀራው በአንዲት ክፍተት ካነሰ ወይም ከበለጠ ሁሉንም ይመልሰዋል። ሁለት ጊዜ መለሰባት። ይሁንና ጥርስ ሠሪ በክፍተት አትታማም። ዓይኗን አጥብባ እያንዳንዷን አስተካከለች።

«ሞክር» የሚል ትእዛዝ አለ። ሣጥኑ አዲሱን ነገር ለጥቂት ጊዜ ይለብሰውና ቶሎ ካላጸናሽልኝ አውልቄ ወደ ድሮዬ እመለሳለሁ ይላል። ሞከረች። ቤቱ ጸጥ አለ። ለካ ቤቱ ከውጭ ጋር የሚገናኝበትን መውጫ በር መጻፍ ረስታለች። የቤቱ ዕቃዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ከአጥሩ ወዲያ ዓለም መኖሯን ግን የነገራቸው የለም፤ ማቀዝቀዣው ወተት ከሱቅ ማዘዝ ቢያቅተው አምፖሉን ወተት ይለምነው ጀመር። ጊዜው አለፈና ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። መውጫ በሩን ጻፈች። ደግማ ሞከረች። አጸናች። ከስልኳ ወደ ቤቱ ብትጣራ «አቤት» አለ።

በመመሪያው ግርጌ አንድ መስመር ነበረ። «የመረጥከው ቁጥር ቀበሌው ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ መሆኑን አረጋግጥ» ይላል። በቀይ ነው የተጻፈው። ላቀች እንደማንኛችንም ቀይ ጽሑፍ አታነብም፤ በቀይ የሚጻፈው ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነው።

ወዲያው ኪዳኔ ጋ ደወለች። «አርባ ነጥብ ዘጠኝ ነን!» አለችው። «ነገም! ከነገ ወዲያም!»

«ሰው ከነገ ወዲያ ስንት እንደሚሆን ያውቃል እንዴ?» አለ ኪዳኔ። ከዚያ «ላቀች፣ ዞረብኝ» አላት። እሷም ዞሮባት ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ብቻዋን ጨፈረች።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ቁጥሮች ተሰበሰቡ፣ ታደሉም። አርባ ነጥብ ዘጠኝ አልተመለሰም፤ ማሽኑ ግን ማን ቤት እንዳለ መጠየቅ ልማዱ ስላልሆነ እንደተመለሰ ቆጥሮ ለሌላ ቤት ሰጠው።

አቶ አበጋዝ ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ዘመዶቻቸው ያለፈው እሑድ ይበቃናል ብለው ቀርተዋል። ላቀች ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ስታይ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ከባጃጁ አንድ ሽማግሌ ወረዱ። አንድ ብቻ። ባጃጁ ሄደ።

የወረዱት አያ ደርበው ይባላሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከነዱላቸውና ከነጃንጥላቸው አንድ ባጃጅ ስላልበቃቸው ሁለቱ ወደፊት ሄደው አያ ደርበው በኋለኛው መጥተዋል። የፊተኞቹ መሪጌታ ጥበቡና ሸህ ሙሄ ናቸው፤ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። አያ ደርበው ለሽምግልና መሄድ ከጀመሩ ጀምሮ ሥራቸው ቁጥሩን ሦስት ማድረግ ነው። ሲመረቅ «አሜን» ይላሉ፤ ከዚያ ሌላ ቃል በሰው ደጃፍ ላይ ተናግረው አያውቁም።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አሉ አቶ አበጋዝ። «ይቀመጡ።»

አያ ደርበው ገቡ። አልተቀመጡም። ወደ በሩ አዩ።

«ሌሎቹስ?»

አያ ደርበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቃል መጀመር የሳቸው ወግ አይደለም። አቶ አበጋዝ ግራ ሲገባቸው «እንግዲህ በሰላም ያምጣቸው» አሉ።

«አሜን» አሉ አያ ደርበው፣ እፎይ ብለው።

ይኼኔ ነው እልልታው የተሰማው። ከአጥሩ ውጭ ሚኒባስ ቆሟል፤ ሴቶች እየተንጋጉ ወረዱ። ፊት ፊት የምትመራው እትዬ ሞሚና የምትባል ደረተ ሰፊ ሴት ናት፤ በፎጣ የተጠቀለለ የገንፎ ድስት ታቅፋለች። ማንም ግቡ ሳይላቸው ሳሎኑን ሞሉት። እልል እያሉ አቶ አበጋዝን ጉንጭና ጉንጫቸውን ሳሙ። «እንኳን ደስ ያለዎት! አያት ሆኑ! የታለች አራሷ?»

«ምንድን?» አሉ አቶ አበጋዝ።

«አራሷ! ወይ ሲያምርባት!» አለች እትዬ ሞሚና፣ ከመጋረጃው ኋላ ላቀችን አግኝታ። «ተነሥታ ትሄዳለች እንዴ? ተኚ እንጂ ልጄ! ነፋስ ይመታሻል!»

አቶ አበጋዝ ላቀችን አዩ። አያ ደርበው ላቀችን አዩ፣ ገንፎውን አዩ፣ መልሰው ላቀችን አዩ። ላቀች ሳታስበው ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ይህም ነገሩን አባሰው።

«አሜን?» አሉ አያ ደርበው።

«አልወለድኩም!» ብላ ጮኸች ላቀች። «ማንንም አልወለድኩም!»

ወደ ቡፌው ሮጣ በሆዷ ተኛች። አንዲት ሴት «ኧረ በሆዷ ተኛች!» ብላ ደረቷን መታች። በሣጥኑ ስክሪን ላይ አንድ መስመር እየበራ ይጠፋል። «ሌላ ቤት በዚህ ቁጥር አቤት እያለ ነው» ይላል።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። ባጃጁ «አርባ ነጥብ ዘጠኝ!» ብሎ ሲጣራ ሁለት ቤቶች አቤት ይላሉ፤ የቀደመው ቤት እንግዳውን ይወስዳል። ሴቶቹ አራስ ጥየቃ ሲሄዱ የሷ ቤት ቀድሟል። መሪጌታና ሸህ ሙሄ ልጅ ጥየቃ ሲመጡ ያኛው ቤት ቀድሟል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በሷ ደረሰ፤ ልዩነቱ የፈሰሰው ሽማግሌ መሆኑ ነው።

ቁጥሩን ልሰርዘው ብላ ጣቷን አነሣች። ከሰረዘችው ግን ሽማግሌዎቹ ወደዚህ ቤት የሚመጡበት መንገድ ለዘላለም ይዘጋል፤ ያለው እሑድ ደግሞ ይኸው ነው። ጣቷን መለሰች። ከባዱን ነገር በደስታ ስታስብ ዓይኗ የሚበራ ሴት ናት፤ አሁን በራ።

«አባዬ፣ ተነሥ። ወደ ቤታችን እንሂድ።»

«ቤታችን አይደለም እንዴ ያለነው?»

«ነው። ወደሌላኛው ቤታችን።»

አባቷ አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ እትዬ ሞሚና ድስቷን አነሣች። አራሷ ያለችበት ከሆነ እኔም አለሁ አለች። እሷ ስትነሣ ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። ሴቶቹ ሲነሡ አያ ደርበውም፣ ብቻቸውን ቀርተው ምን እንደሚሉ ስላላወቁ፣ ተከተሉ። አቶ አበጋዝ ጋቢያቸውን ሰብስበው መጨረሻ ወጡ። ሾፌር አልባው ሚኒባስ እደጃፉ ቆሟል፤ ተሳፈሩ።

«ወደ አርባ ነጥብ ዘጠኝ» አለች ላቀች።

«ደርሰዋል» አለ ሚኒባሱና በሩን ከፈተ።

«አልደረስንም። ወደ አርባ ነጥብ ዘጠኝ።»

«ደርሰዋል። መልካም ቀን።»

«እንደገና!» አለች። ሴቶቹ ጨዋታው ገብቷቸው ባይሆንም አብረዋት «እንደገና!» አሉ። ሚኒባሱ አሰብ አድርጎ በሩን ዘጋና ተነሣ። እልልታው ቀለጠ። ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ቤቱ እየሄደ መሆኑን ሲያስብ አንዳች ነገር ሆዱን ይኮረኩረዋል፤ ላቀች ሳቅ አፈናት፤ አያ ደርበው ሳይቀሩ በጢማቸው ሥር ፈገግ አሉ። አቶ አበጋዝ ብቻ በመስኮት ወደ ጦሳ ተራራ ያያሉ።

ሚኒባሱ ሳላይሽ በሚባለው ሰፈር፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ትንሽ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የወንዶች ድምፅ ይሰማል።

ቤቱ የያሲን ነው። ሚስቱ ሐያት በዚያ ሳምንት የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ሴት ልጅ፣ ወልዳለች። ያሲን እንቅልፍ በማጣት ዓይኑ ቀልቶ፣ ሕፃኗን ታቅፎ ቆሟል። ከፊቱ መሪጌታ ጥበቡና ሸህ ሙሄ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አባቶቼ፣ ነገርኳችሁ እኮ» ይላል ያሲን። «ልጄ ገና ጡት አልጣለችም!»

«የሴት ልጅ አባት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው» አሉ ሸህ ሙሄ በርጋታ። «ለኔም ልጅ ሲመጡ ብያለሁ።»

«እምብርቷ አልደረቀም!»

«ይችን ግን ሰምቻት አላውቅም» አሉ መሪጌታ በአድናቆት። «ቆንጆ አነጋገር ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራው ተርባይን ነው፣ ከፍታ አይፈራም።»

«ይችው ናት እኮ! ይችው ያቀፍኳት!»

ሽማግሌዎቹ ጥቅሉን አዩት። የሙሽራይቱ እኅት ልጅ መስላቸው ስለነበር ሁለቱም «እደጊ» ብለው መረቋት። ያሲን ሰውነቱ ዛለ። የቆሙ ሽማግሌዎችን ከደጅ መመለስ ነውር ነው፤ ደግሞ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ነው።

«እሺ» አለ። «ሰጥቻለሁ። ግን ትምህርቷን ትጨርስ።»

«እኔ ነኝ!» ብላ ዘልላ ገባች ላቀች። «የመጣችሁት ለኔ ነው! ተርባይኑን የማገባው እኔ ነኝ!»

በሽማግሌ ፊት ልጅቱ ራሷ አፍ አውጥታ እንዲህ ማለቷ በወሎ ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም፤ ግን የሰማ ሰው አልተናገረም። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው እትዬ ሞሚና ናት፤ እውነተኛዋን አራስ በጓዳው በር በኩል አይታ «ይኸውላት!» ብላ በገንፎዋ ሁሉንም ገፍታ አለፈች። እልልታው ገና አሁን ቦታውን አገኘ።

መሪጌታ ጥበቡ ነገሩ ሲነገራቸው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ቁጥሩ አርባ ነጥብ ዘጠኝ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ነው።»

«እንግዲያው አልተሳሳትንም» አሉ። ክብራቸውን እንደያዙ ዱላቸውን አስተካክለው ወደ አቶ አበጋዝ ዞሩ። ሸህ ሙሄ በቀኛቸው፣ አያ ደርበው በግራቸው ቆሙ። ሦስት ሆኑ። «አቶ አበጋዝ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣን።»

ላቀች ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ ጋቢያቸውን አጠበቁ።

«በሰው ቤት ቆሜ ልጄን አልሰጥም» አሉ አቶ አበጋዝ። «መልሴን በቤቴ፣ በደጃፌ እሰጣለሁ። ተከተሉኝ።»

ወጥተው ሚኒባሱ ላይ ወጡ። ላቀች ተከትላ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ከውጭ ቆመው ጠበቁ።

«ወደ ቤቴ» አሉ አቶ አበጋዝ። «አርባ ነጥብ ዘጠኝ።»

«ደርሰዋል» አለ ሚኒባሱ።

«እንዴት እንዴት? ወደ ቤቴ!»

«ደርሰዋል፣ አቶ አበጋዝ።»

ላቀች ልትስቅ ነበር፤ ግን የአባቷን እጅ አየች። የጋቢውን ጫፍ አጥብቆ ጨብጧል።

«አባዬ፣ ኪዳኔን ጠልተኸው ነው?»

«ምኑን እጠላዋለሁ? አላውቀው።» ከዚያ ሚኒባሱን እያዩ ተናገሩ፤ ልጃቸውን እያዩ መናገር አልሆነላቸውም። «እናትሽን ባሰኘኝ ጊዜ ሄጄ አያታለሁ። መቃብር ቋሚ ቁጥር አለው፤ ለሞተ ሰው አይነፍጉም። አንቺ ግን ነገ ወረኢሉ ትሄጃለሽ። ጠዋት አንድ ትሆኛለሽ፣ ማግስቱን ሌላ። አንድ ቀን ልጄን ልያት ብዬ ብነሣ የት ብዬ ነው የምሳፈረው? ፈራሁ። ሌላ ነገር የለም፣ ፈራሁ።»

እሳቸው ደጃፍ፣ ወግ፣ ክብር ሲሉ የከረሙት ይህንን ፍርሃት ለመሸፈን ኖሯል፤ ላቀችም አልገባትም ነበር። እጃቸውን ያዘች።

«ያንን ሣጥን ነክቼዋለሁ፣ አባዬ። ልቡን።»

«አውቃለሁ። ለአቧራ ይህን ያህል አይተኙም።»

«ወረኢሉ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው እሱኑ ነው። እዚያም ከቡፌው ሥር እገባና አርባ ነጥብ ዘጠኝ ብዬ እጽፋለሁ። የትም ብሄድ እጽፋለሁ። አንተ ወደ ቤቴ ነው የምትለው፤ አንዳንዴ ቤትህ ያደርስሃል፣ አንዳንዴ እኔ ጋ።»

አቶ አበጋዝ ዞረው አዩዋት። «ወንጀል ነው» አሉ።

«ነው።»

«እዚህም ያመጣኛል? ሕፃኗ ጋ?»

«ያሲንም እንደኔ «አይ» ብሎ ቁጥሩን ካልመለሰ ያመጣሃል።»

«አልመልስም!» አለ ያሲን ከበሩ ላይ፤ ለካ ሁሉም እየሰማ ነው። «አያት የላትም እኮ። ይምጡ፣ በሞቴ! ሲመጡ እኔ እተኛለሁ!»

አቶ አበጋዝ አሰቡ። ጉንጫቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ላቀች ሊያለቅሱ መስሏት ነበር። ሳቁ ፈነዳ። እናቷ ካረፉ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዓይናቸውን ጠረጉና ለመጨረሻ ጊዜ ሚኒባሱን ጠየቁት። «አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቤቴ ነኝ?»

«ደርሰዋል፣ አቶ አበጋዝ። መልካም ቀን።»

«እንግዲህ መንግሥት ራሱ ካለ እኔ ማን ነኝ?» ብለው ወረዱ። በያሲን በር ገብተው፣ የቤቱን ደህና ወንበር ስበው፣ እንደ ባለቤት ተቀመጡበት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከፊታቸው ተደርድረው ቆሙ።

«በሉ፣ ከመጀመሪያው ጠይቁኝ» አሉ። «ሳታሳጥሩ።»

መሪጌታ ጥበቡ ሳያሳጥሩ ጠየቁ። ዘሩን ቆጠሩ፣ ጠባዩን ቆጠሩ፣ ተርባይኑንም ደገሙት። ሸህ ሙሄ መረቁ። ጓዳ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ማንኪያቸውን አቁመው አዳመጡ። ላቀች የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች።

አቶ አበጋዝ ልጃቸውን አንዴ አዩና ወደ ሽማግሌዎቹ መለሱ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ። «የት እንደማገኛትም አውቃለሁ።»

ሕፃኗ በእልልታው ነቅታ ስታለቅስ፣ ያሲን አምጥቶ አቶ አበጋዝ ጉልበት ላይ አስቀመጣትና ሊተኛ ሄደ።